ሐዲዱ ያልወጣው ደጋ

ከአሰላ እስከ አዳማ ያለው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ደጋው ላይ ተቀምጣለች፤ አዳማ ደግሞ ታች ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ናት። ወጣቶቻችን ሥራ ፍለጋ፣ ነጋዴዎቻችንም ዕቃ ለማምጣት ወደ አዳማ ይወርዳሉ። ለምን ቢባል «አዳማ ትልቅ ከተማ ስለሆነች ነዋ!» እንባላለን። ታዲያ ማን ትልቅ አደረጋት?

አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር።

ባቡር ዳገት አይወድም። ስለዚህ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ ትቶ በሥሩ አለፈ። የዕውቀትና የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ከላይ ቀረች፤ ከብት ይሰማራበት በነበረው ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐረሪው፣ ኦሮሞውና ሶማሌው፣ ከባሕር ማዶ የመጡት የመናዊው፣ ህንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ በአንድ ገበያ ተገናኙ። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር በየርቀቱ ቆሞ ውኃ መቅዳት ነበረበት። በቆመበት ሁሉ ሠራተኛ ይሰፍራል፤ ሻይ ቤት ይከፈታል፤ መጋዘን ይሠራል። አዋሽ፣ መተሐራ፣ አዳማና ሞጆም በዚሁ ሐዲድ ዳር አደጉ።

የአርሲ ደጋ ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። በእኛ አገር ከባቡሩ በፊት የደረሰው ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1886 በተደረገው ጦርነት አርሲ በምኒልክ ሠራዊት ሥር ከወደቀ በኋላ፣ ሰፊ መሬት ለጦር አለቆችና ለወታደሮች ተሰጠ። ከብት አርቢው ሕዝብ ገባር፣ ቆይቶም ጭሰኛ ሆነ። ሐዲዱ ታች ሲያልፍ የደጋው እህል ሩቅ ገበያ የሚደርስበት በር ተከፈተለት። እህሉ ዋጋ ሲያወጣ መሬቱም ዋጋ አወጣ፤ ትርፉ ግን ካራሹ ይልቅ ወደ ባለ መሬቱ አደላ።

ይህ ነገር በጉልህ የታየው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና መንገድ አመጣ፤ የስንዴ ምርትም አደገ። ይሁን እንጂ እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን ከቀያቸው አፈናቀሉ። ጭሰኝነት የቀረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1975) የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ካደረገ በኋላ ነው።

አንዳንዶቻችን «ምነው ሐዲዱ አሰላ በወጣ ኖሮ!» እንላለን። ምኞቱ አይከፋም። ግን መንገድ ብቻውን ድሃውን አያበለጽግም። መንገድ ሲመጣ መሬቱ በማን እጅ እንዳለ፣ ማን ሙያ እንደያዘ መጠየቅ ይገባል።

ጥያቄው ዛሬም አልቀረም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቋል፤ እርሱም በአዳማ በኩል ያልፋል፤ ሞጆ ላይም ትልቅ ደረቅ ወደብ አለ። ከተሞች በሰፉ ቁጥር በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ካሳ ተቀብሎ ይነሣል። የካሳ ገንዘብ ደግሞ ሙያ ከሌለው ሰው እጅ ቶሎ ያልቃል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! የይዞታ ደብተራችሁን ከዛሬው አስተካክሉ። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስም ይያዝ፤ ባል ቢሞት ሚስትና ልጆች በዘመድ እንዳይገፉ ይጠቅማልና። ወጣቶችም ወደ አዳማ ስትወርዱ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሙያ ይዛችሁ ውረዱ፤ ብየዳም ይሁን የሒሳብ ሥራ። ነገ ሌላ ሐዲድ ወይም ሌላ መንገድ ሲመጣ፣ ኢንሻአላህ፣ ዳር ቆመን የምናይ ብቻ አንሆንም።