ጭብጨባው ለምን ይቈረጣል?

ዘንድሮ በእረፍት ሰዓት በክፍላችን ልጆች መካከል ስለ ተነሣው ክርክር አሳቤን እንድገልጽ የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ክርክሩ፥ ሙዚቃ በስቱዲዮ ተቀርጾ ቢሰማ ይሻላል ወይስ በመድረክ ላይ፥ በሕዝብ ፊት እንደ ተጫወቱት የሚል ነበር። ጓደኞቼ ሁሉ ለስቱዲዮው ፈረዱ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ አሁንም ቢሆን አልተረታሁም።

ነገሩን ያስነሡት አቶ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። እኒህ ሰው በ1927 ዓ.ም. ከመንዝ ገደል ሥር ባለው በይፋት ተወልደው በ2008 ዓ.ም. ያረፉ፥ ሽለላን ከሰው ጕሮሮ አንሥተው በሣክስፎን ያስጮኹ ባለሙያ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ራስ ጌርሾን የሚመራው (ራስ ስሙ ነው እንጂ ማዕርጉ አይደለም) ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ከቦስተን አካባቢ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሲጫወት፥ አቶ ጌታቸው፥ አቶ ሙላቱ አስታጥቄ፥ አቶ ባህታ ገብረ ሕይወትና ሌሎችም በእንግድነት አብረውት ወጡ። የዚያ ዝግጅት ቅጂ «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ 20ኛ ሆኖ በሁለት ሲዲ ወጥቷል። ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ በስልኩ ይዞልኝ መጣ፤ እኔም ለጓደኞቼ አሰማኋቸው።

«ሰው ይንጫጫል፤ ዜማው ይረዝማል፤ ነፊው ከመንገዱ ይወጣል» ብለው ነቀፉት። በዚያው ተከታታይ 14ኛ ላይ ያለው የአቶ ጌታቸው የስቱዲዮ ሥራ የጠራ መሆኑን አልክድም፤ እጅግም እወደዋለሁ። ነገር ግን በተዘጋ ቤት ብቻውን የሚሸልል ሰው ብናይ አብዷል አንልምን? ሸላይ ተቀባይ ይሻል። አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ እዚያው መድረክ ላይ የሚፈጥር ባንድም እንዲሁ ነው። ከመንገዱ ቢወጣ እንኳ እንዴት እንደሚመለስ መስማት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። በሲዲው ቅር የሚለኝ ቢኖር፥ አቶ ጌታቸው እንግዳ በመሆናቸው ጥቂት ብቻ መስማታችን ነው።

ይህን ያህል የምሟገተው ግን እኔው ራሴ በደለኛ ስለ ሆንሁ ነው። አምና በመሐል ሜዳ በእኅቴ ሠርግ ላይ አያቴ ባናቸውን ደርበው ሲሸልሉ በስልክ ቀረጽኋቸው። 11 ደቂቃ ነበር። ተቀባዮቹ ይጮኻሉ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ከዳሱ ውጭ ውሻ ይጮኻል። በመካከሉ አያቴ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲያስሉ አጐቴ ግጥሙን ነጥቆ ያዘላቸው። እኔም አሳምራለሁ ብዬ፥ እልልታውንም፥ ሳሉንም፥ የአጐቴንም ድምፅ ቈርጬ 3 ደቂቃ አደረግሁት፤ ዋናውንም አጠፋሁት።

ደስ ብሎኝ ወስጄ ባሰማቸው፥ ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፥ «ልጄ፥ ሰዎቹ የት ሄዱ?» አሉኝ።

ዘንድሮ ጕልበታቸው ደክሟል። በጥምቀት ከደጅ ተቀምጠው ዋሉ እንጂ አልሸለሉም። ስለዚህ በዚያ ሠርግ ላይ ከነበራችሁት ወላጆችና ተማሪዎች መካከል በስልኩ የቀረጸ ቢኖር፥ ጩኸቱንም፥ ውሻውንም፥ ሳሉንም ሳይነካ እንዳለ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ።