«አስገባ» ብቻውን አይበቃም

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ተመሳሳይ ቃላት» እየተባለ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በ«ሀ» እና በ«ለ» ረድፍ የሚደረደረው መልመጃ ነው። ሸጎጠ፦ አስገባ። ወተፈ፦ አስገባ። ጠቀጠቀ፦ አስገባ። ሰነቀረ፦ አስገባ። ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ለፈተና ይመልሳል። በእኛ አስተያየት ይህ መልመጃ ቃል የሚያስተምር ሳይሆን ቃል የሚያስረሳ ነው።

ለምን ቢባል ቃላቱ አንድ አይደሉማ! እስቲ በየተራ እንያቸው።

ጥጥ ወይም ጭድ በጆንያ ውስጥ በእጅም በእግርም እየተጫኑ ሲሞሉት መጠቅጠቅ ይባላል። ዕቃው ብዙ፣ ቦታው ጠባብ ነው፤ ጉልበት ይጠይቃል። ማጨቅም ለዚህ ይቀርባል፤ ብቻ የታጨቀው ነገር መፈናፈኛ ማጣቱን አጉልቶ ያሳያል። ተሳፋሪው «ታጭቆ መጣ» የምንለው ለዚህ ነው። መወተፍ ግን ሌላ ነው። የሚወተፈው ቀዳዳ ነው፤ ዓላማውም መድፈን ነው። ጠርሙስ በቡሽ፣ ጆሮ በጥጥ ይወተፋል፤ መድፈኛውም ውታፍ ይባላል።

መሸጎጥና መወሸቅ በውስጣቸው መደበቅ አለባቸው። ብር ከጉያ ይሸጎጣል፤ የፈራ ሕፃን ከእናቱ ቀሚስ ሥር ይወሸቃል። ሽጉጥም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከመሸጎጥ ነው። መሰንቀር በሁለት ነገሮች መካከል ማስገባት ነው፤ ስለዚህም በሰው ጨዋታ መሀል ነገር የሚሰነቅር አይጠፋም። መቀርቀር ደግሞ ገብቶ መያዝ ነው፤ ሥጋ ከጥርስ መካከል ይቀረቀራል፣ በርም በመቀርቀሪያ ይያዛል። መሰካት ልክ ለልክ ነው፤ ዶቃ በክር ይሰካል፣ የኤሌክትሪክ መሰኪያም ከዚሁ የወጣ ስም ነው። ያለ ወግ፣ ያለ ልክ ሲሆንስ? እሱ መሞጀር ነው። ሳያኝክ የሚሞጅር ልጅ በየቤቱ አለ።

እንግዲህ ቃላቱ አንድ ከሆኑ እናለዋውጣቸው። «ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አጨቀው» ብንል ማን ዝም ብሎ ይሰማናል? «ጠርሙሱን በቡሽ ሸጎጠው» ብንልስ? የክፍል ተማሪ በሙሉ ይስቅብናል፤ መሳቁም ትክክል ነው። ልጁ ልዩነቱን ከቤቱ ይዞት መጥቷል። የምናስረሳው እኛ መምህራን እንዳንሆን ያስፈራል።

ይህንን ስንል በባዶ ሜዳ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት በአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ሲታረም አይተናል። ጥያቄው «እማማ ደብዳቤውን ከትራስ ሥር -----» የሚል ነበር። አንዲት ልጅ «ሸጎጡት» ብላ ሞላች። የመልሱ ወረቀት «አስቀመጡት» ስለሚል በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደረገባት። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ መጥታ፣ «መምህር፣ ከትራስ ሥር ከሆነ እኮ ሸጉጠውት ነው፤ ቢያስቀምጡትማ ጠረጴዛ ላይ ነበር» አለች። መልስ አላገኘችም። ከዚያ ወዲህ ያቺ ልጅ ለፈተና የምትጽፈው የትኛውን ቃል ይመስላችኋል? በቤቷ ያለውን አማርኛ ትታ፣ ማርክ የሚያስገኘውን አንዱን ቃል ብቻ ይዛ ትቀራለች።

ነገሩ ከማርክም ያልፋል። ሦስት ልጆች በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ አምስት ልጆች ሲሆኑ «ተማሪዎች ተቀምጠዋል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ይቻላል። ሐሰት አይደለም፤ ግን ያነበበው ሰው ምን ያያል? ምንም! «ታጭቀዋል» ቢባል ኖሮ ክንድ ከክንድ መጋጨቱን፣ ደብተር መዘርጊያ መጥፋቱን ያይ ነበር። ትክክለኛ ግሥ የሌለው ሰው ችግሩን እንኳ በልኩ መናገር ያቅተዋል።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ልጆች ቀላሉ ቃል ይሻላል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ለመነሻ «አስገባ» እና «ጨመረ» ይበቃሉ። ነገር ግን መነሻ መድረሻ መሆን የለበትም። ደግሞም ለእነዚህ ልጆች በባዶው «ወተፈ ማለት አስገባ ነው» ከማለት ጠርሙስና ቡሽ ማሳየት ይቀላል።

ስለሆነም የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ዐረፍተ ነገር የሌለበት የተመሳሳይ ቃላት ድርድር ይቅር። ቃሉ ከነአገባቡ ይሰጥ፤ ምን ገባ? የት ገባ? በምን ጉልበት? ለምን ዓላማ? ተብሎ ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ጆንያ፣ ጠርሙስ፣ መርፌና ክር ከየቤቱ የማይጠፉ የትምህርት መርጃዎች ናቸው። ወደ ክፍል ይግቡ፤ ተማሪው እየሠራ ግሡን ይጥራ።

ሦስተኛ፣ አራሚው ከመልሱ ወረቀት ውጪ የመጣ ቃል ሲያገኝ ኤክስ ከማድረጉ በፊት መዝገበ ቃላት ይግለጥ። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ታትመው ወጥተዋል። የተጻፉት ተገልጠው እንዲነበቡ ነው።

አራተኛ፣ እኛ ሠልጣኞች ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጣን ነን። አንዳንዶቻችን ቤት ዕቃ ወደ ውስጥ ሲገባ «ዶለው» ይባላል። ይህ ቃል በመኝታ ቤት ሲሰማ መሳቂያ መሆኑ ይብቃ። የየአካባቢያችንን ቃል በደብተር እንመዝግብ፤ በዚህ ጋዜጣም እናውጣው።

ነገ በየገጠሩ ጠመኔ የምንይዘው እኛው ነን። ልጁ ዘጠኝ ቃል ይዞ መጥቶ አንድ ቃል ይዞ እንዳይወጣ እንጠንቀቅ እንላለን።