ለእሁዳችን ቀላሉ ካሜራ ይሻላል

እህቶች፣ በመካከላችን ፎቶ ማንሳት የወደዱ በዝተዋል፤ ደስ ይላል። አሁን ደሞ በየእሁዱ የምሰማው ጥያቄ «የድሮውን፣ በፊልም የሚሠራውን ካሜራ ልግዛ፣ የቱ ይሻላል?» የሚል ነው። ብዙ ሰው የሚመክረው ከባዱን ነው፤ «ብረት ነው፣ አይሰበርም» እያለ። እኔ አልስማማም። እኛ መጀመሪያ ማየት ያለብን ክብደቱን ነው።

ስድስት ቀን ምንጣፍ ያነሳ፣ በረንዳ ያጠበ፣ አሮጊት ደግፎ ከአልጋ ያወረደ ትከሻ በሰባተኛው ቀን አንድ ኪሎ ብረት አንጠልጥሎ ከዶራ ቡርጅ ሐሙድ አይዞርም። ቢዞርም አንድ ሁለት እሁድ ነው። ከዚያ ካሜራው ሻንጣ ውስጥ ይቀራል፣ ገንዘቡም አብሮ።

የማወራው በሌንሱ በራሱ በኩል አይተሽ ስለምታነሺበት፣ ሌንሱም ስለሚፈታው ዓይነት ነው። የሩሲያው ዜኒት ጠንካራ ነው፣ ግን ከነሌንሱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ካኖን ኤኢ-1 ያለ ሌንስ 590 ግራም ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ፔንታክስ ኤምኤክስ 495 ግራም፣ ኦሊምፐስ ኦኤም-10 ደሞ 430። ከነዚህ የሚቀሉ የፕላስቲክ ካሜራዎችም አሉ፤ እንደ ካኖን ኢኦኤስ 300 ያሉት 400 ግራም አይሞሉም፣ ግን ባትሪያቸው ውድ ነው፣ ሲያልቅም ምንም አይሠሩም።

የኔ ምርጫ ኤምኤክስ ነው። ባትሪው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ቢያልቅም ካሜራው ቀጭ ይላል። ኦኤም-10 ይቀላል፣ ግን ያለ ባትሪ አይሆንም፤ ለብቻ የምትሸጥ ትንሽ ዕቃ ካልተገጠመለት ደሞ ፍጥነቱን የሚመርጠው ራሱ ነው። «ለጀማሪ ይሄ ጥሩ ነው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሰው መርጦልኝ ስሠራ ከርሜ እሁድን ደሞ ካሜራ እንዲመርጥልኝ አልፈልግም።

«ስልክ እያለ?» ትሉኛላችሁ። ማዳም ስትቆጣ መጀመሪያ የምትወስደው ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ስልኩ ሲሄድ የሁለት ዓመት ፎቶ አብሮ ይሄዳል። ኔጋቲቭ ግን በፖስታ ታሽጎ ጓደኛ ቤት ይቀመጣል። ደሞስ እዚህ አገር ከመምጣታችን በፊት ብዙዎቻችን የተነሳነው ፎቶ ምን ነበር? እጅሽን አውርደሽ ቁሚ ተብለሽ፣ አሠሪ አይቶ እንዲመርጥሽ። እሁድ ቀሚሳችንን ለብሰን፣ ስቀን፣ በራሳችን እጅ የተነሳ ፎቶ ልጆቻችን ሊያዩልን ይገባል።

ለመግዛት ሱቅ አል-አሐድን እዩ፤ አሮጌ ዕቃ ከተከመረበት መሀል ካሜራም አይጠፋም። የኋላ ክዳኑን ክፈቺ። ዳር ዳሩ ያለው ጥቁር ስፖንጅ እጅሽ ላይ ከተጣበቀ ብርሃን ያስገባል፤ ማስቀየር ይቻላል፣ ግን ዋጋ ቀንሺበት። ሌንሱን ወደ ብርሃን አድርገሽ እዪ። የቤይሩት እርጥበት ሻጋታ ያበቅላል፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየሽ ተይው። ፊልም ሳይገባ በየፍጥነቱ አንሺ፤ የአንድ ሴኮንዱና የሺኛው ድምፅ በጣም መለያየት አለበት።

አሁን ዋናው። ከሻጩ ወረቀት ሳትቀበዪ እንዳትሄጂ። ቀኑን፣ የካሜራውን ስምና አካሉ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በአረብኛ ይጻፍልሽ። አንድ ቀን «ሰርቃለች» ብትባዪ የሚናገርልሽ እሱ ነው። ወረቀቱን ቅጂ አድርገሽ ለጓደኛ ስጪ፤ ካሜራውንም የኪራይ ክፍል ካላት እህት ጋ ማስቀመጥ አሠሪ ቤት ከማስገባት ይሻላል። የአሠሪሽን ልጆች አታንሺ። ወታደርና ኬላ አጠገብማ ካሜራውን ከቦርሳ አታውጪው።

አገር ቤት ስትሄጂ ያልታጠበ ፊልም ከሚጫን ሻንጣ ጋር አትላኪ፣ የዚያ ማሽን ፊልም ያበላሻል። በእጅሽ ያዢውና በእጅ እንዲፈትሹልሽ ጠይቂ።

ፊልም ውድ ነው ለምትሉ፦ አንዱ 36 ፎቶ ነው፣ በወር አራት እሁድ ቢሆን ለእሁድ ዘጠኝ ይደርሳል። ለኔ በቅቶኛል። የኔን ይዛ ክብደቱን ማየት የምትፈልግ ከስብሰባው በኋላ ትጠይቀኝ።