ሰባ ሁለት ወር

ባለፈው እሑድ ቅዳሴው ተፈጽሞ፣ ምእመናኑ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው አዳራሽ ጠበል ጠዲቅ ለመቅመስ በተሰበሰቡበት ሰዓት፣ በየዓመቱ መጋቢትና ሚያዝያ በደረሰ ቍጥር የብዙዎቻችንን የግብር ቅጽ እየሞሉ ስለሚሰጡን ቃላቸው በመካከላችን እንደ ፍትሐ ነገሥት የሚፈራላቸው አንድ የተከበሩ ሰው፣ ዕድሜው ከሃያ አራት ያላለፈ ወጣት ያገለገለ የስፖርት መኪና ለመግዛት አስቦ ምክር ቢጠይቃቸው፣ የሻይ ብርጭቋቸውን እንኳ ከእጃቸው ሳያኖሩ፣ «ወሩን ከቻልከው መኪናውን ቻልከው ማለት ነው» ብለው መለሱለት። ጨዋ ሰው በጠበል ጠዲቅ ላይ አይሟገትምና ዝም አልሁ፤ ዝም ያልሁበትን ዕዳ ግን ይኸው ዛሬ በጽሑፍ እከፍላለሁ።

ቃሉን እኒህ ሰው አልፈጠሩትም። ከመኪና ሻጭ አፍ ወጥቶ፣ በማስታወቂያ ተደጋግሞ፣ በመጨረሻ በሽማግሌዎቻችን አንደበት የምክረ ሰናይ ካባ ደርቦ የተገኘ የዘመኑ ፈሊጥ ነው። ሻጭ ቢናገረው አልቈጣም፤ ምላሱ እንጀራው ነውና። ሒሳብ ዐዋቂ የተባለ ሰው፣ ያውም የእያንዳንዳችንን ገቢና ወጪ እስከ ሳንቲሙ የሚያውቅ ሰው፣ ከሻጭ የተዋሰውን ቃል እንደ ራሱ ጥበብ ለልጅ ሲያወርስ ግን ዝም ማለት ከተባባሪነት ይቈጠራል።

ወጣቱ የሚኖረው በእስክንድርያ ነው፤ የቅዱስ ማርቆስ መንበር በሆነችው ሳይሆን በቨርጂንያዋ። ሌሊት በሆስፒታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በዋሽንግተን መኻል ከተማ ካሉት የምድር ቤት መኪና ማቆሚያዎች በአንዱ የሚሠራ ትጉህ ልጅ ነው። የሌላውን መኪና እያስገባና እያስወጣ ስንት ዓመት የኖረ ሰው አንድ ቀን የራሴን ላሽከርክር ቢል ማን ይፈርድበታል? ስልኩን አውጥቶ ሥዕሉን ባሳየኝ ጊዜ እኔም ሽበቴን ረስቼ ጥቂት ማፍጠጤን አልሸሽግም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ2015 ሥሪት ቢ ኤም ደብልዩ ኤም 4 ነው፤ 78 ሺህ ማይል ሄዷል፤ አዲስ ሳለ መነሻ ዋጋው ወደ 65 ሺህ ዶላር ይጠጋ የነበረው ዛሬ በ30 ሺህ ይሸጣል። ልጁ ከሁሉ ይልቅ የተመሰጠው በጎማው ውስጥ በሚያብረቀርቁት፣ የወርቅ ቀለም በተቀቡት የፍሬን ካሊፐሮች ነበር። ስለ እነርሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ሻጩ ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቅ፣ በዓመት 12 በመቶ ወለድ፣ በ72 ወር የሚያልቅ ውል ጽፎለታል፤ በወር 587 ዶላር ይመጣል። መካሪያችን ይህን ቍጥር ሰምተው ነው እጃቸውን ለቡራኬ ያነሡት። እስቲ እንግዲህ እኔ ያልተማርሁት ሰው አንድ ነገር ልጠይቃቸው፤ ልጁ 587ን ባይችል ኖሮ ሻጩ ምን ያደርግ ነበር? ወደ 84 ወር ያሻግረዋላ! ያን ጊዜ ክፍያው ወደ 530 ይወርድና መኪናው በድንገት «ርካሽ» ይሆናል። በ36 ወር ቢሆን ግን በየወሩ 996 ዶላር ይጠየቃል፤ መካሪያችንም ያን ጊዜ «ልጄ፣ ይህ ካንተ ዐቅም በላይ ነው» ብለው በሐዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። መኪናው ያው መኪና ነው፤ ልጁም ያው ልጅ፤ ደመወዙም ያው ደመወዝ። የተለወጠው የመክፈያው ዘመን ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የተለወጠው ወደ ጥፋት ነው፤ በ36 ወር የሚከፍል ሰው በጠቅላላው 35 ሺህ 900 ዶላር ያህል ሲያወጣ፣ በ72 ወር 42 ሺህ 200፣ በ84 ወር ደግሞ 44 ሺህ 500 ያወጣልና። በእኒህ ሰው ሚዛን ብንመዝን ይበልጥ ያስከፈለው ይበልጥ የሚቻል ሆኖ ይገኛል። ርዝመቱን የሚለካው ነገር እያየ የሚለጠጥ ክንድ ክንድ አይባልም፤ እንደ ልብ የሚለጠጥ ወርም የዐቅም መስፈሪያ ሊሆን አይችልም። ዘመኑን ወደ ሁለት መቶ ወር ብናደርሰው የንጉሥ ሠረገላም ለእኔ ለጡረተኛው ይቻላል ማለት ነው። (ሰባ ሁለት የአርድእት ቍጥር ሆኖ እንዲያ የተከበረ ሳለ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ መዋሉም ያሳዝነኛል።)

ማካፈልን እኛም ከጥንት እናውቃለን። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን በ19 ሲገድፉ ልባቸው ያለው ስንት ጊዜ እንደ ደረሰው ላይ ሳይሆን ከተገደፈ በኋላ በተረፈው ላይ ነው፤ ከዚያም ከተረፈው ላይ አንድ ለዘመኑ ቀንሰው ወንበርን ያገኛሉ፣ ከወንበርም አበቅቴና መጥቅዕ ይወለዳሉ፣ አጽዋማቱና በዓላቱም በዚያ ይቆማሉ። የተረፈውን የጣለ ደብተራ ፋሲካን ያስታል። መካሪያችንም እንደ ሊቃውንቱ አካፍለዋል፤ ነገር ግን የደረሰውን ይዘው የተረፈውን ጣሉት፤ ለዘመኑም ምንም አልቀነሱለት፤ መኪናው ዐሥር ዓመት ያለፈው መሆኑ በስሌታቸው ውስጥ ከቶ አልገባም።

የተረፈውስ ምንድር ነው? የተረፈው፣ መኪናው በዋጋው አርጅቶ በፍላጎቱ አለማርጀቱ ነው። አንድ የቤተ መንግሥት ሰው ከሹመቱ ወርዶ፣ በልብሱ ደህይቶ፣ ነገር ግን የሚበላው ምሳ እንደ ቀድሞው በስድስት ወጥ ካልቀረበለት የማይጎርስ ሆኖ ቤታችሁ በእንግድነት ቢመጣ ምን ያህል እንደሚያስከፍላችሁ አስቡ፤ ያገለገለ የስፖርት መኪና እንደዚያ ያለ እንግዳ ነው። የሽያጭ ዋጋው ወደ 30 ሺህ ወረደ እንጂ የመለዋወጫው ዋጋ ዝርዝር ዛሬም የሚጻፈው ለ65 ሺህ ዶላር መኪና ነው፤ መካኒኩም የጉልበቱን ሒሳብ በርካሽ ስለ ገዛኸው አያስተካክልልህም። ፋብሪካው በአሜሪካ ለአዲስ መኪና የሚሰጠው ዋስትና 4 ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል ነው፤ ልጁ የሚገዛውን መኪና ዋስትናው ከተሰናበተው ብዙ ጊዜ ሆኖታል። የኋላ ጎማዎቹ ከፊተኞቹ የሰፉ ስለሆኑ፣ በተራ መኪና እንደምናደርገው የፊቱን ወደ ኋላ የኋላውን ወደ ፊት እያዛወርን ዕድሜ ልንቀጥልላቸው አንችልም፤ ለስላሳ ሆነው የተሠሩትም አስፋልት ይዘው እንዲቆሙ እንጂ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ አይደለም። ቤንዚኑም ከማደያው ሁሉ ውዱ ነው።

አሁን ወደ ወርቁ ልመለስ። ያ ቀለም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ምልክት ነው። በዚህ መኪና ላይ ካሊፐሩ ሰማያዊ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ብረት ነው፤ ወርቅማ ከሆነ ግን ከካርቦን ሴራሚክ የተሠራ፣ አዲስ ሲገዛ ለብቻው ብዙ ሺህ ዶላር ይጨመርበት የነበረ፣ መተካት ያስፈለገ ቀንም በሺህ የሚቈጠር ዶላር የሚጠይቅ ልዩ ዲስክ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት፣ ገንዘብ የተረፈው ሰው፣ ያን ወርቅ አይቶ «ቈንጆ ነው» ብሎ ገዛው፤ ሦስተኛው ባለቤት፣ ሌሊት የሚሠራው ልጅ፣ ያንኑ ወርቅ አይቶ «ቈንጆ ነው» ሲል የመጀመሪያው ሰው ያስቀረለትን ሒሳብ እየተቀበለ መሆኑን አያውቅም። ማን ይንገረው? ከአጠገቡ የተቀመጡት ሒሳብ ዐዋቂ ሻያቸውን እየጠጡ ነው።

«ኢንሹራንሱን ጠይቀሃል?» ብለው «ገና ነኝ፣ ጋሼ» አለኝ። ዕድሜው ከሃያ አምስት በታች የሆነ ወንድ፣ 425 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ይዞ ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያ ሲቀርብ ምን እንደሚጠብቀው ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አያቱ ወሎ አንድ ፈረስ ብቻ ነበራቸው አሉ፤ ያን አንዱንም ከመግዛታቸው በፊት የገብሱን፣ የገለባውን፣ የባልደራሱን ነገር ሳይቈጥሩ አልቀሩም። የልጅ ልጃቸው 425ቱን በአንድ ቀን በረት ሊያስገባ ነው፤ ስለ ገብሱ ግን የጠየቀውም የነገረውም ሰው የለም።

ቨርጂንያ ደግሞ ራስዋ ጥቂት ነገር ትጨምርበታለች። አውራጃውና ከተማው በየዓመቱ በመኪናው ግምት ላይ የንብረት ግብር ይጥላል፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ግብር ሞሊው መካሪያችን ሲሆኑ፣ በዚያች ሰዓት ግን የሞያቸው ምሥጢር ከልባቸው ተሰወረ። ልጁ የሚገዛው ፍጥነት ነው ካልንም፣ በቨርጂንያ መንገድ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 70 ማይል ሲሆን፣ ከ85 በላይ የነዳ ሰው በወንጀል ተከስሶ እስከ 12 ወር እስራት ሊፈረድበት ይችላል። በፋብሪካው 155 ማይል ድረስ የተፈቀደለት ሞተር በጠዋት በ395 አውራ ጎዳና ላይ ከአውቶቡስ ኋላ ተሰልፎ ሲያንጎራጕር ማየት እንደ ቅኔ ይቈጠር እንደ ሆነ አላውቅም፤ በወር 587 ዶላር የሚያወጣ ቅኔ ግን አይደለም።

«ወጣትነት አንድ ጊዜ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ አንድ ጊዜ ስለሆነም ነው ስድስቱን ዓመት ለዕዳ አሳልፎ መስጠቱ የሚከብደኝ። «ሌላውም ሁሉ እንዲህ ይገዛል» ለሚለውም አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ጨርሰውታል።

ስለ ግል ጉዳይ መናገር አልወድም ነበር፤ ነገሩ ግን አስገደደኝ። እሑድ ዕለት ከአዳራሹ ስንወጣ እኒህ ለሌላው ልጅ የ425 ፈረስ ኀላፊነት የሚያሸክሙ ሰው፣ ዋጋውን ከፍለው ከጨረሱ ዘመን የሌለው፣ ቀለሙ ፀሓይ የመታው ቶዮታ ኮሮላቸውን አስነሥተው፣ ቀበቷቸውን በጥንቃቄ አስረው፣ በሰዓት 25 ማይል ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለራሳቸው ሲሆን የተረፈውን መቍጠር እንደሚያውቁ ኮሮላው ራሱ ይመሰክራል። በወር ይቻላል የሚለው ወንጌል የሚሰበከው ለሌላው ብቻ ነውን? ደግሞ ስለ ወንጌል ካነሣን፣ ግንብ ሊሠራ ተነሥቶ ኪሣራውን ሳይቈጥር ስለ ጀመረው ሰው በሉቃስ ዐሥራ አራተኛው ምዕራፍ የተነገረውን ምሳሌ መካሪያችን ከእኔ ይልቅ ደጋግመው ሰምተውታል፤ ያ ሰው የመጀመሪያውን ድንጋይ መግዣ አላጣም፤ መሠረቱንም ጥሎ ነበር። የመጀመሪያውን ወር ችሏል።

ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ? እኔ የገንዘብ መምህር አይደለሁም። ያን መኪና የሚመረምር፣ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ይፈልግ፤ የኢንሹራንሱን ዋጋ ከውሉ በፊት ይጠይቅ፤ መኪናው እንደ ተገዛ ቈጥሮም 587ቱን፣ ኢንሹራንሱን፣ ግብሩን፣ የጎማና የፍሬን መጠባበቂያውን በየወሩ ለስድስት ወር ወደ ዕቁቡ ይጣል። ያን ሳይሰበርና ሳይበደር ከጨረሰ መጥቶ ይንገረኝ፤ ቡራኬውን እኔ ራሴ እሰጠዋለሁ፤ አንድ ዙርም እንዲያሽከረክረኝ እለምነዋለሁ።

ውሉን የሚፈርመው የፊታችን ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ነው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ ከልጁ ስም በታች ለዋስ የተተወ መስመር አለ፤ እስካሁንም ባዶ ነው። መካሪያችን ወሩን የቻለ መኪናውን ቻለ የሚሉት ከልባቸው ከሆነ ስማቸውን እዚያ ላይ ያኑሩ፤ ብዕር ካላገኙም የእኔን አውሳቸዋለሁ።