ጊዜ በጌጃ ሰፈርና በባሕር ማዶ

በጌጃ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት፥ በዋሽንግተን ከተማ ያለው ልጃቸው በስልክ የነገራቸውን ቃል ይዘው መጥተው ጠየቁን። እርሳቸው በቀትር፥ በ6 ሰዓት ደውለው ከእንቅልፉ ቀስቅሰውት ኖሮ፥ «እማዬ፥ ጊዜ እኮ በየቦታው አንድ አይደለም፤ አይንስታይን የሚባለው ሊቅ ተናግሮታል» ሲል ቀለደባቸው። እናት ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አልቆጠሩትም። «እንግዲያስ ልጄ በዚያ የሚኖረው ዕድሜና እኔ በዚህ የምኖረው ልዩ ልዩ ነውን?» አሉን። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ በዚህ አምድ ልንመልስ ወደድን።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮች ሊለዩ ይገባል። በእኛ ዘንድ ቀትር ሲሆን በዋሽንግተን ገና ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት የሚሆነው፥ ምድር ክብ ስለ ሆነች ፀሐይ ለሁሉም በአንድነት ስለማትወጣ ነው። እኛ ሰዓትን ከንጋት ስንቆጥር ፈረንጆች ከእኩለ ሌሊት መጀመራቸው፥ በዘመን አቆጣጠርም በ7 ወይም በ8 ዓመት መለያየታችን የቆጠራ ልዩነት ነው። አንዱን ክምር አንዱ ሰው በቁና ሌላው በእንቅብ ቢሰፍረው የእህሉ ብዛት አይለወጥም። አይንስታይን የተናገረው ግን ስለ መስፈሪያው ሳይሆን ስለ እህሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1905 ያቀረበው ትምህርት መሠረቱ ይህ ነው፤ የብርሃን ፍጥነት፥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ለቆመውም ለሚጓዘውም ተመልካች እኩል ነው። በሊደታ በሚያልፈው የከተማ ባቡር ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚመላለስ አንድ የብርሃን ነጥብ እናስብ። ተሳፋሪው ቀጥ ብሎ ሲወጣና ሲወርድ ያየዋል። በፌርማታው ለቆመው ሰው ግን ባቡሩ ወደ ፊት ስለሚሄድ የብርሃኑ መንገድ ሰያፍና ረጅም ነው። ፍጥነቱ አንድ ሆኖ መንገዱ ከረዘመ፥ ምልልሱ የበለጠ ጊዜ መፍጀቱ የግድ ነው። ስለዚህ በቆመው ሰው ልኬት በባቡሩ ያለው ሰዓት ይዘገያል፤ ተበላሽቶ አይደለም፥ ጊዜው ራሱ ነው እንጂ። በባቡር ፍጥነት ግን ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ ሊቁ ስበትን ጨመረበት፤ ወደ ምድር በቀረቡ መጠን ጊዜ ይዘገያል፥ ከፍ ባሉ መጠን ይፈጥናል። ይህም በቃል ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሃፈሌና ኪቲንግ የተባሉ አሜሪካውያን የአቶም ሰዓቶችን በመንገደኞች አውሮፕላን ይዘው ዓለምን ዞሩ። አንድ ሰከንድ በቢሊዮን ቢከፈል፥ ወደ ምሥራቅ በተደረገው ጉዞ ሰዓቶቹ 59 እጅ ያህል ወደ ኋላ ቀሩ፤ ወደ ምዕራብ በተደረገው 273 እጅ ያህል ቀደሙ። ዛሬም በስልካችን መንገድ የሚያመለክቱን ሳተላይቶች ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሲዞሩ፥ ሰዓታቸው በየቀኑ ከምድሩ ሰዓት በሰከንድ ሚሊዮንኛ 38 እጅ ያህል ይቀድማል። በዚህች ቅጽበት ብርሃን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛልና፥ መሐንዲሶች ሰዓቶቹን ለዚሁ አስተካክለው ሠሯቸው።

ወደ እናት ጥያቄ እንመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን ዋሽንግተን በባሕር ወለል አጠገብ ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእናት ዕድሜ ከልጃቸው ይልቅ በዓመት በሰከንድ ሚሊዮንኛ 8 እጅ ያህል ፈጥኖ ይሄዳል። በ30 ዓመት ቢደመር እንኳ ዓይን አንድ ጊዜ ለመርገብ ከሚፈጅበት ከመቶ አንዱን እጅ አይሞላም። በእንጦጦ ተራራ የሚኖሩትማ ከጌጃ ሰፈር ሰው በዓመት ወደ 3 እጅ ያህል ይቀድማሉ፤ ከዚያ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ግን ሸክሙ ከዚህ እጅግ አብልጦ ያስረጃቸዋል።

አንዳንዶች ይህን ትምህርት ስለ ሺህ ዓመትና ስለ አንድ ቀን ከተነገረው ቅዱስ ቃል ጋር ያያይዙታል። እኛ በዚህ አንስማማም። ያ ቃል ዘመን ስለማይቆጠርለት አምላክ ነው፤ ይህ ደግሞ በሰዓት ስለሚለካ ፍጡር።

እናት ሁሉን በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፥ «እንግዲያስ አብረን እያረጀን ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ቀጥለውም በስንት ሰዓት ቢደውሉ ልጁን ነቅቶ እንደሚያገኙት ጠየቁን። ከምሽቱ 1 ሰዓት አልናቸው።