የአንዱ ሩብ ገቢ፣ የሌላው ሙሉ ደመወዝ

«ዘላን» የሚለው ቃል በአማርኛ ለረጅም ዘመን ስድብ ነበር። ከብቱን ይዞ ውኃና ሣር ፍለጋ የሚንቀሳቀስ ሰው ቤት እንደሌለው፣ ሥልጣኔ እንዳልደረሰው፣ ለግብር ሰብሳቢም ለትምህርት ቤትም እንደማይመች ተደርጎ ሲጠራበት ኖሯል። ስድብነቱ ስለታወቀ ዛሬ በመንግሥት ሰነድ ላይ «አርብቶ አደር» ተብሎ ተተክቷል። የሚገርመው፣ ይኸው ቃል ከፊቱ «ዲጂታል» የምትል ቅጽል ሲጨመርለት ወዲያው ማዕረግ መሆኑ ነው። ዲጂታል ዘላን የራሱ ቪዛ ይወጣለታል፣ ባለሥልጣን ይቀበለዋል፣ ወንበርና ጠረጴዛ በነጻ ይዘጋጅለታል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዱ ከብት ሌላው ላፕቶፕ መያዙ ነው? አይደለም። ልዩነቱ ያለው ፓስፖርቱና ገቢው ላይ ነው። ይህን አጥርቶ ለማየት አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ትበቃለች።

ፖንታ ዶ ሶል ትባላለች፤ «የፀሐይ ጫፍ» እንደማለት ነው። የፖርቱጋል አካል በሆነችው፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በምትገኘው የማዴይራ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ትገኛለች። ከፊቷ ጠጠር የለበሰ ጠባብ የባሕር ዳርቻ፣ ከኋላዋ ገደል፣ ገደሉ ላይ ደግሞ በእርከን የተተከለ ሙዝ አለ። ከተማዋና በዙሪያዋ ያሉት መንደሮች ነዋሪ በአንድነት ቢቆጠር 9 ሺህ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ኮሮና የደሴቲቱን ቱሪስት አጥፍቶ ሆቴሉም ምግብ ቤቱም ባዶውን ቀርቶ ነበር። የማዴይራ ክልላዊ መንግሥት ያን ጊዜ አንድ ብልሃት አመጣ። በፖንታ ዶ ሶል «የዲጂታል ዘላኖች መንደር» ተከፈተ። ለሌላ አገር ቀጣሪ በኢንተርኔት የሚሠሩ ሰዎች ተጠሩ፤ መሥሪያ ጠረጴዛና ፈጣን ኢንተርኔት በነጻ ቀረበላቸው። መጡም።

የሥራ ቦታ ሆኖ የተሰጣቸው የጆን ዶስ ፓሶስ የባህል ማዕከል ነው። ዶስ ፓሶስ ታዋቂ አሜሪካዊ ደራሲ ነው፤ ሕንጻው በስሙ የተሰየመው የአባቱ አባት የፖንታ ዶ ሶል ተወላጅ ስለነበሩ ነው። እንጀራ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው አሜሪካ የገቡ ስደተኛ ነበሩ። ከማዴይራ እንደ እርሳቸው ወደ ቬኔዝዌላ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ሌሎች አገሮች የሄደው ሰው ብዙ ነው። ለእነዚያ ማንም ነጻ ጠረጴዛ አላዘጋጀላቸውም። የሚጠሩበት ስምም አንድ ነበር፤ ስደተኛ።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሰው ቢመጣ ምን ጉዳት አለው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡና ቤቱ ደንበኛ አግኝቷል። ባዶ የነበረ አፓርታማ ተከራይ አግኝቷል። ባለ ሱቁ በክረምትም ሸጧል። በዚያ በጨለመ ዓመት ለደሴቲቱ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ይህን የሚክድ ሰው ሐቀኛ አይደለም።

ጉዳቱ ያለው ሰው መምጣቱ ላይ አይደለም። ሕጉ የሚመጣውን ሰው የሚመርጥበት ሚዛን ላይ ነው።

ፖርቱጋል ከ2022 ጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ የርቀት ሠራተኞች ልዩ ቪዛ ትሰጣለች። ዋናው መስፈርት አንድ ነው። አመልካቹ በወር ቢያንስ የአገሪቱን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ማግኘት አለበት። በ2025 ዝቅተኛው ደመወዝ 870 ዩሮ ነበር። አራት እጥፉ 3,480 ዩሮ ይሆናል።

ይህ ቁጥር ተራ የቪዛ ቅጽ ላይ ያለ ቁጥር ይመስላል። አይደለም። መንግሥት በሕግ ያወጀው ነገር ቢኖር «አዲሱ ጎረቤትህ ካንተ ቢያንስ አራት እጥፍ ካላገኘ አይገባም» የሚል ነው። አሁን ሒሳቡን መሥራት ነው። አዲሱ ነዋሪ ከገቢው ሩቡን ብቻ ለቤት ኪራይ ቢመድብ 870 ዩሮ ይመጣል። ያ ሩብ በአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ተቀጥራ ቡና ለምትቀዳ አስተናጋጅ የወር ሙሉ ደመወዟ ነው። እርሱ ሳይጨነቅ የሚከፍለውን እርሷ ምግብም፣ መብራትም፣ የልጅ ጫማም ሳትገዛ ብቻ ነው የምትከፍለው።

አከራዩስ ምን ያድርግ? እርሱም ሰው ነው። አንድ ወገን ለዓመታት የሚቆይ፣ ኪራይ ሲጨመር የሚያለቅስ የሠፈር ልጅ አለ። በሌላ ወገን ደግሞ ዋጋ የማይከራከር፣ በወራት ውስጥ የሚሄድ፣ ሲሄድም በተተኪ የሚተካ እንግዳ አለ። በገደልና በባሕር መካከል በተጣበቀች ከተማ ቤት በአንድ ሌሊት አይበቅልም። ስለዚህ ውሉ ሲያልቅ አይታደስም። አስተናጋጇም ዕቃዋን ጠቅልላ ኪራይ ወደሚረክስበት ራቅ ያለ መንደር ትወጣለች፤ ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ተመልሳ ያንኑ ቡና ልትቀዳ። ማንም አላባረራትም። ሒሳቡ ነው ያባረራት።

በሐበሻ ተረት እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው። እዚህ ግን ተገልብጧል። እንግዳው በሰነበተ ቁጥር ወርቅነቱ ይጨምራል፤ ብረት የሚሆነው ባለቤቱ ነው።

ነገሩ በቪዛ አያበቃም። ፖርቱጋል ከ2009 ጀምሮ ለአዲስ ገቢዎች ልዩ የግብር ሥርዓት ነበራት። በተመረጡ ሙያዎች የሚሠራ አዲስ ነዋሪ በአገሪቱ ውስጥ በሚያገኘው የሥራ ገቢ ላይ ለ10 ዓመት 20 በመቶ ብቻ ይከፍል ነበር። ዜጋው ደግሞ ገቢው ባደገ ቁጥር ግብሩ እስከ 48 በመቶ ይወጣበታል። ቤት ለገዛ ባለሀብት የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥ «ወርቃማ ቪዛ»ም ነበር። በኤፕሪል 2023 በሊዝበንና በሌሎች ከተሞች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የመኖሪያ ቤት ጥያቄ ይዞ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት ወርቃማው ቪዛ በቤት ግዢ መሰጠቱ ቀረ፤ የግብር ልዩ ጥቅሙም ከ2024 ጀምሮ ለአዲስ አመልካች ተዘጋ። መንግሥት ራሱ በሩን በከፊል መዝጋቱ ጩኸቱ ከቅናት የመጣ አለመሆኑን ያሳያል። የርቀት ሠራተኞቹ ቪዛና የአራት እጥፉ መስፈርት ግን አሁንም አለ።

ጥፋቱ የማን ነው? ላፕቶፑን ይዞ የመጣው ወጣት ነው ማለት ቀላል ነው። ግን ስህተት ነው። እርሱ በርሊን ወይም ቶሮንቶ ኪራይ አስጨንቆት የሸሸ ሊሆን ይችላል። የተከፈተለት በር ገባ እንጂ አጥር አልዘለለም። በግድግዳ ላይ «እንግዶች ውጡ» ብሎ የሚጽፈው ሰውም ንዴቱ እውነት ቢሆን ዒላማውን ስቷል። ዛሬ ባለላፕቶፑን የሚያባርር እጅ ነገ የባንግላዴሹን የእርሻ ሠራተኛ ማባረሩ አይቀርም። ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ታገኛለህ?» ብሎ ጠይቆ «ለምትገባባት ከተማ ምን ታዋጣለህ?» ሳይል ማኅተሙን የሚመታው አካል ነው።

ይህን ጥያቄ እውነተኞቹ አርብቶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በቦረና ጥልቅ የኤላ ጉድጓዶች ዘንድ «አባ ሄሬጋ» የሚባል የውኃ ተራ አስከባሪ አለ። ከብት እየነዳ የመጣ ሁሉ ስለቸኮለ ወይም መንጋው ስለበዛ ቀድሞ አያጠጣም። ተራ አለው። ውኃው ከጥልቁ በሰው ጉልበት እየተቀባበለ ይወጣል፤ ጉድጓዱም ይጠረጋል፤ ጉልበት ማዋጣት የመጠጣት ሌላው ገጽ ነው። «ዘላን» ተብሎ የተሰደበው ሰው እንግዳ የሚቀበልበት ሥርዓት አለው። ዲጂታሉ ዘላን ግን ጉድጓዱ ጋ የሚደርሰው አባ ሄሬጋ በሌለበት ነው፤ ብዙ የከፈለ ቀድሞ ይጠጣል።

ሥርዓት ማበጀት ደግሞ የማይቻል ነገር አይደለም። ከርቀት ሠራተኛው ቪዛ የሚገኘው ገቢ ለዚያችው ከተማ የኪራይ ቤት መሥሪያ ይሁን። ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ቁጥር ጣሪያ ይኑረው። ለነዋሪ በረጅም ውል ያከራየ ሰው የግብር ቅናሽ ያግኝ። እንግዳው ይምጣ፤ ተራውን ይዞ ይምጣ።

ይህ የሩቅ ደሴት ወሬ የሚመስለው ካለ ወደ አዲስ አበባ ይመለስ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰኔ 2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። መነሻው 150 ሺህ ዶላር ነው። ኬንያም በ2024 የራሷን የዲጂታል ዘላን ፈቃድ አስታውቃለች። የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ፖንታ ዶ ሶልም የተነሣችው በዚሁ ምክንያት ነበር። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ያወጣችው የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ለተከራይ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ይሰጣል፤ የኪራይ ጭማሪንም በመንግሥት ጣሪያ ያስራል። ዶላሩ ሲገባ ይህ አዋጅ ወረቀት ላይ ይቀራል ወይስ አባ ሄሬጋ ይሆናል? ጥያቄው ይህ ነው።

ቢሾፍቱና ሐዋሳ ባሕር የላቸውም። ሐይቅ ግን አላቸው፤ ሐይቁ ዳር ቡና የምትቀዳ ልጅም አለች። ሕግ አውጪው ለእንግዳው ዋጋ ከመተመኑ በፊት እርሷ ማታ የት እንደምታድር ይጠይቅ።