«ከምግብ በኋላ» የሚለው ምክር ለቆላው አይበቃም

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ኢንዶሜታሲን ለሚገዛ ሰው ከመድኃኒት መደብር የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ከምግብ በኋላ ውሰድ» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት የለበትም፤ ጎደሎ ነው እንጂ። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ እርሻ ለሚሰማራው ወቅታዊ ሠራተኛ አደጋው በጨጓራ በኩል ብቻ ሳይሆን በኩላሊትና በደም በኩልም ይመጣልና።

እነዚህ ፀረ ብግነት የሕመም ማስታገሻዎች የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በማገድ ነው። ይህን አሠራር እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. ገለጠ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱም ሆነ። ፕሮስታግላንዲን ግን ሕመምና ብግነት ከመቀስቀስ ሌላ በጎ ሥራም አለው። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃል፤ የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ ደግሞ ወደ ኩላሊት ደም የሚያደርሱት ሥሮች እንዳይጠቡ ያደርጋል። ውኃ የጠገበ ጤነኛ ሰው ይህን ሁለተኛ አገልግሎት ለጥቂት ቀናት ቢያጣው ብዙውን ጊዜ አይጎዳም። ላብ ያደረቀው ሰው ኩላሊት ግን በዚያች ሰዓት የቆመው በዚሁ ድጋፍ ነው። ድጋፉ ሲነሣ ሽንት ይቀንሳል፤ ድንገተኛ የኩላሊት ድክመትም ሊከተል ይችላል። ምግብ መብላት ይህን አያስቀረውም።

ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ አጨዳው ከዘገየ ፍሬ ያዘለው ቆባ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ የዋለ ሰው ወገቡን ቢያመው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቢያርፍ የቀን ገቢውን ያጣል። ለእርሱ ክኒኑ ከማጭዱ የማይለይ የሥራ መሣሪያ ነው። ስለዚህ «መድኃኒት አታብዙ» የሚል ተግሣጽ ብቻውን ፋይዳ የለውም ብዬ አምናለሁ። የሚጠቅመው መድኃኒቱ መቼ አደገኛ እንደሚሆን ለይቶ መንገር ነው፦ ሽንቱ ያነሰና የጠቆረ፣ ያስታወከው ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው ፈሳሹን እስኪተካ ድረስ ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱንም አይውሰድ።

መርፌውም መፍትሔ አይደለም። «ክኒን ጨጓራዬን ይነካኛል፤ መርፌ ይሻለኛል» የሚል ሰው መድኃኒቱ በደም በኩል ዞሮ ያንኑ ጨጓራና ያንኑ ኩላሊት እንደሚያገኝ ሊነገረው ይገባል። በመቀመጫ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ ደግሞ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ ጎድቶ ሊያሽመደምድ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የትኩሳቱ ጉዳይ ነው። ቆላው የወባ አገር ነው፤ የመተማና የሑመራ ቆላም በኢትዮጵያ ከታወቁት የካላዛር መገኛዎች ዋነኛው ነው። አይቡፕሮፌን ትኩሳትን ያበርዳል፤ በሽታውን ግን አይነካም። ሠራተኛው በመጠኑ እየተሻለው ወደ ሥራ ሲመለስ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት የካላዛር ምርመራ እንደሚያስፈልገው ሳይታወቅ ይቀራል። በካላዛር ስፕሊን ያብጣል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች ቁጥርም ያሽቆለቁላል። ነስርም ከበሽታው ምልክቶች አንዱ ነው። ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች የቀሩትን ፕሌትሌቶች ሥራ ያዳክማሉ፤ አስፕሪንማ የነካው ፕሌትሌት ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ አያገግምም። በዚህ ላይ በካላዛር ሕክምና ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ፓሮሞማይሲን ራሱ ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችል ነው። እንዲህ ያለው ታካሚ ለወገቡ ብሎ ዳይክሎፌናክ ቢጨምርበት ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ መድኃኒት አዳዩ ክኒኑን ከመቁጠሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ትኩሳት አለህ ወይ? ዛሬ በቂ ውኃ ጠጥተህ ሽንትህ እንደ ወትሮው ነው ወይ? ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ? ሦስተኛው በተለይ ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ አረጋውያንን ይመለከታል፤ ሦስቱ መድኃኒቶች ሲገናኙ ኩላሊት ላይ ይተባበራሉ። ሴቶችን ስለ እርግዝና መጠየቅም ግድ ነው፤ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት የጽንሱን ልብና ኩላሊት ይጎዳል። ጥያቄዎቹ ሁለት ደቂቃ አይፈጁም።

ለተራ ሕመም በመጀመሪያ ሊሰጥ የሚገባው ፓራሲታሞል ነው፤ ለዐዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ሳይበልጥ፣ ጉበቱ ለታመመና መጠጥ ለሚያበዛ ደግሞ ከዚያ ባነሰ። ፀረ ብግነቱ የግድ ካስፈለገ አንድ ዓይነት ብቻ፣ በአነስተኛ መጠን፣ ለጥቂት ቀናት ይሁን፤ ዳይክሎፌናክን ከአይቡፕሮፌን ጋር ደርቦ መዋጥ ጉዳቱን እንጂ ማስታገሱን አያበዛም።

የእርሻ ባለሀብቱም ድርሻ አለው። የመጠጥ ውኃ በጀሪካን ካምፕ ውስጥ መቀመጡ አይበቃም፤ አጫጁ ካለበት ማሳ ድረስ ይሂድ፤ ቀትር ላይም የሚያርፍበት ዳስ ይኑር።